ከጀርመን የመጣ መርዶ

ሊንከኗ ከሆቴሉ በር ስትወጣ የኋላ ጎማዋ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። ዘርይሁን መሪውን አልታገለም። ትንሽ ለቀቅ አድርጎ መልሶ ያዘው፤ መኪናዋም ተስተካከለች። ከጎኑ የተቀመጠው ጀርመናዊ ይህን አየ።

«እጅህ ያው ነው፣ ማይስተር» አለ።

ዘርይሁን ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ። ሰውየው ከኋላ እንዲቀመጥ በሩን ከፍቶለት ነበር፤ የኤርፖርት ሊሞ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሰውየው ግን ዞሮ ከፊት ገባ። ድሮም በጭነት መኪናው፣ በኢፋው ጋቢና ውስጥ እንዲሁ ነበር የሚቀመጠው። ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የካቲት 5 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቶሮንቶ ዳር ያሉት የኢቶቢኮ መጋዘኖች ጣሪያቸው በረዶ ተሸክሞ ተደርድረዋል። አውሮፕላን ከደመናው በላይ ሲያልፍ ይሰማል፤ አይታይም። መንገድ ላይ የተረጨው ጨው ከጎማ እየተነሳ መስተዋቱን ያለብሰዋል፤ መጥረጊያው ይገፋዋል፤ ተመልሶ ይለብሳል።

ሰውየው ኤካርት ሎምኒትስ ይባላል። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት፤ ከዘርይሁን በሁለት ዓመት ያንሳል። ከምሥራቅ ጀርመን ክፍለ ሀገሮች የአንዱ ምክር ቤት አባል ነው፤ የመንገድና የትራንስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር። ቶሮንቶ የመጣው ከክፍለ ሀገሩ የንግድ ልዑካን ጋር ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ይጠብቁታል። ከዚያ በፊት ግን የራሱ ጉዳይ አለው። ጉዳዩን በኅዳር በጻፈው ደብዳቤ «የድሮ ወዳጅነት» ብሎ ጠርቶታል።

ዘርይሁንም ጉዳይ አለው። የሱ ጉዳይ አንድ ጥያቄ ነው፤ ስለሺ ምን ሆነ?

አቃቂ መንገድ ላይ በነበረው የኢፋ ጋራዥ ዘርይሁን ዋና መካኒክ ነበር፤ ጀርመናዊው «ማይስተር» የሚለውም ለዚህ ነው። ስለሺ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፤ ሎምኒትስ ከምሥራቅ ጀርመን የተላከ አማካሪ። ያኔ «ጓድ ሎምኒትስ» ይሉት ነበር። በ1970 ዓ.ም. በሰሞነ ሕማማት ስለሺን ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ አየሁት ያለ ሰው የለም። ሚስቱ ቦጋለች በሱዳን አድርጋ እዚህ ደረሰች፤ ሪጀንት ፓርክ ትኖራለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ጥቁር አልለበሰችም። መርዶ ያልተነገራት ሴት እንዴት ትለብሳለች? ባልም አላገባችም። አንድ ጊዜ ቄሱን ፍትሐት እንዲያደርሱለት ለመነቻቸው። «ሞቱን ማን አየ?» አሏት። መልስ ስላልነበራት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ዘርይሁን ደብዳቤው የደረሰው ቀን ለባሻ ይመር አሳየው። ባሻ የድሮ ወታደር ነው፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። በዚህ ከተማ መርዶ የሚያረዳው እሱ ነው፤ ማንም አልሾመውም።

«ሰውየው ካወቀ፣ ጠይቀው» አለ ባሻ። «ከምንም በፊት ይህን ጠይቀው። ከዚያ ለኔ ደውል።»

ሬዲዮው ውስጥ ሥራ የሚያከፋፍለው ዲስፓቸር የመኪና ቁጥር ይጠራል። ዘርይሁን ድምፁን ቀነሰው።

ሎምኒትስ ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። የምርጫ ወረቀት ነው። ሰውየው በፎቶው ላይ ይስቃል፤ ከበስተኋላው አዲስ ድልድይ ይታያል። ዘርይሁን ቀይ መብራት ላይ ቆሞ አየው።

«ከታች ምን ይላል?»

«‹ሎምኒትስ። ቀጥ ያለ ሰው።›»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ልጆች ናቸው። ፓርቲው ይቀጥራቸዋል። እኔ አልወደድኩትም።»

«ፎቶው ግን አምሮብሃል። አሥር ዓመት ቀንሰውልሃል።»

«አሥራ ሁለት» አለ ሎምኒትስ። አልሳቀም።

የሚነጋገሩት በጋራዥ አማርኛ ነው፤ ሲያልቅባቸው በእንግሊዝኛ ይሞሉታል። ሎምኒትስ አማርኛ የተማረው ከጎማ ጠጋኞች ነው። ለሰው ሁሉ «አንተ» ይላል፤ ለሴትም፣ ለሽማግሌም። ያኔ አንድ ቀን ሚኒስትሩን «አንተ፣ ና፣ ሞተር እይ» ብሎ ሠራተኛው ለሳምንት ሲስቅ ነበር። የሳቁን ያህል ይፈሩትም ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀይ ደብተሩን ይዞ በየመደርደሪያው ይዞራል። ብሎን ብትጎድል ይጽፋል።

ሀይዌዩን ሳይዙ በውስጥ መንገድ ሄዱ። ሎምኒትስ ሳይጠየቅ ስለ ራሱ ያወራ ጀመር። ብዙ ቦታ እንደተናገረው ያስታውቃል።

አባቱ ከጦርነቱ አልተመለሰም። እናቱ በእጅ ጋሪ ዕቃ እየገፋች ከምሥራቅ ተሰድዳ መጣች፤ እሱ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ የጭነት መኪና ፋብሪካ ገባ። በሃያ አራት ዓመቱ ፓርቲ ገባ፤ ካልገባ ፎርማን አይሆንም ነበር። ከኢትዮጵያ ሲመለስ ትንሽ ከተማ ሰጡትና ከንቲባ ሆነ። ከተማዋ ሰባት ሺህ ሰው አላት፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ የጡብ ፋብሪካ። የበርሊን ግንብ በሚፈርስበት ሰሞን ሕዝቡ ሻማ ይዞ የከተማው አዳራሽ በር ላይ መጣ። ፖሊሱ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀው። ሎምኒትስ ወርዶ በሩን በገዛ እጁ ከፈተ።

«ለምን ከፈትክ?» አለ ዘርይሁን።

«ብርድ ነበር። ልጆች ነበሩ።» ትንሽ ቆየ። «ደግሞ ጎረቤት ከተማ ያልከፈተውን ከንቲባ ምን እንዳደረጉት ሰምቼ ነበር።»

ያ በር ስም ሰጠው። በዓመቱ ፓርቲ ለውጦ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተመረጠ። መንገድ አሠራ፤ የጡብ ፋብሪካው ሲዘጋ ለሠራተኞቹ ተከራከረ። ሰው ይወደዋል፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። በመጪው ጥቅምት ምርጫ አለ። ካሸነፉ የትራንስፖርት ሚኒስትር ይሆናል። የክፍለ ሀገር ሚኒስትር ነው፤ ቢሆንም ሚኒስትር ነው።

«እና ምን ጎደለህ?»

«አንድ ኮሚሲዮን አለ» አለ ሎምኒትስ። «የምክር ቤቱን አባላት ሁሉ የድሮ የደኅንነት ፋይል ያያል። የኔን አገኙ። የኢትዮጵያውን።»

ዘርይሁን ፍሬቻውን አብርቶ ወደ አንድ ዶናት ቤት ታጠፈ።

ቤቱ ባዶ ነበር። ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች ጥግ ላይ በጃኬታቸው ተኝተዋል። ሎምኒትስ የወረቀት ኩባያውን ወደ ጎን ገፍቶ ከቦርሳው ሁለት ወረቀት አወጣ። አንደኛው አዲስ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተተየበ፣ ከሥሩ ለፊርማ መስመር የተሰመረበት። ሁለተኛው የአሮጌ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነው። ፊደሉ ተንጋዷል።

ዘርይሁን አዲሱን አነበበ። አጭር ነው። «እኔ በጋራዡ ዋና መካኒክ የነበርኩት እመሰክራለሁ፤ ሚስተር ሎምኒትስ በጻፋቸው ሪፖርቶች ምክንያት የተጎዳ ሰው የለም» ይላል።

«መጀመሪያ ስለሺ» አለ ዘርይሁን።

ሎምኒትስ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሞቷል።»

ዘርይሁን ይህን ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ሲጠብቀው ነበር። ሲመጣ ትንሽ ሆነበት።

«ማን አየ?»

«እኔ። ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ስለሺ ጋር ነበር። ሥራ ቆሟል። ቁልፉን ልጠይቅ ወደታሰረበት ሄድኩ። አንድ ሻምበል ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አምስት ሰዎች መሬት ላይ ተኝተዋል። ‹ያንተ የትኛው ነው?› አለኝ። ሦስተኛው ነበር። ሰማያዊ ቱታውን ለብሷል። ቁልፉን ከኪሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ።» እጁን አየ። «ኪሱ በአዝራር ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን ለማውጣት አዝራሩን ፈታሁ፤ ከዚያ መልሼ ቆለፍኩት። ለምን እንደቆለፍኩት አላውቅም።»

«የት ቀበሩት?»

«አላውቅም። መኪና ቆሞ ነበር። ኢፋ ነው። ሞተሩ ይሠራል።»

ዘርይሁን ያንን ሞተር የጠገነው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። በዚያ ሰፈር ኢፋ የሚጠግን ጋራዥ አንድ ብቻ ነበር።

«ሌላውስ ወረቀት?»

ሎምኒትስ ፎቶ ኮፒውን አዞረለት። ጀርመንኛውን በጣቱ እየተከተለ ተረጎመለት።

«‹ሰኞ ሚያዝያ 16። አንድ የናፍጣ ፖምፓ፣ ቁጥር 4417፣ ከግምጃ ቤት ጎድሏል። የወጪ ደረሰኝ የለም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለማን እንደሰጠ አይናገርም። ዋናው መካኒክ ተጠይቆ ስለ ፖምፓው እንደማያውቅ አረጋግጧል። አሻጥር ሊሆን ይችላል።›»

ከሥር ሁለት ፊርማ አለ። ሁለተኛው የዘርይሁን ነው። ያኔ ፊርማውን ጅራት ያስረዝምለት ነበር።

ፊርማውን ለረጅም ጊዜ አየው።

ነገሩ ቅዳሜ ነበር የጀመረው። የአንድ ሹፌር እናት ሞተች። አስከሬኗ ሰላሌ መድረስ አለበት፤ የሚሄደው መኪና ፖምፓው ተበላሽቷል። ዕቃ ከግምጃ ቤት ለማውጣት ሞዴል 22 መሞላት፣ ሥራ አስኪያጁም መፈረም ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ነው። አስከሬን ደጅ ላይ ቆሞ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ጋራዥ አልነበረም። ዘርይሁን «ሰኞ እመልሰዋለሁ» አለ። ስለሺ «ውሰደው፣ ነፍስ ይማር በልልኝ» ብሎ ሰጠው። ጀርመናዊው እሑድ ብቻውን ገብቶ መደርደሪያ እንደሚቆጥር ማን አሰበ? መኪናው ሰላሌ ጭቃ ያዘው። ሰኞ አልመጣም። ሰኞ ጠየቁት። ከጀርመናዊው ጋር አንድ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቆሞ ነበር። ዘርይሁን «አላውቅም» አለ። ነገ መኪናው ይመጣል፣ ነገሩ ያልቃል ብሎ አሰበ። ስለሺን ማክሰኞ ወሰዱት። መኪናው ረቡዕ መጣ፤ ዘርይሁን ፖምፓውን ፈትቶ ደበቀው።

«ስለሺ ስምህን አልጠራም» አለ ሎምኒትስ። «እስከ መጨረሻው። ሻምበሉ ነገረኝ፤ ተናዶ ነበር።»

«አንተ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ከስቅለት። ሠራተኛ የለም፤ እኔ ገባሁ። ከመሥሪያ ጠረጴዛህ ሥር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ፖምፓ። ቁጥሩን አየሁ። 4417።»

«ስቅለት ዕለት ስለሺ በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«እና?»

«ሪፖርቱን ባስተካክል፣ ለምን ተሳሳትክ ይሉኛል። ወደ አገሬ ይመልሱኛል። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆንም።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ጨርቁን መልሼ ሸፈንኩት።»

ጥግ ከተኙት ሠራተኞች አንዱ አስሎ ዞሮ ተኛ።

«ወረቀቱን ያመጣሁት ላስፈራራህ አይደለም» አለ ሎምኒትስ። «ኮሚሲዮኑ ስምህን አያውቅም፤ ጥቁር ቀለም ቀብተውበታል። ይህ የኔ የራሴ ኮፒ ነው። ሁለታችን ብቻ ነን የምናውቀው። አንድ ፊርማ ነው፣ ማይስተር። የሞተው አይነሳም።»

ዘርይሁን በመስኮቱ ውጭውን አየ። አሰበ፤ ብዙ አልወሰደበትም። በኋላ ያሳፈረው አለመቸገሩ ነው።

«መርዶ ያለ ምስክር አይሆንም» አለ። «መጥተህ አየሁት ትላታለህ። ሞቷል፣ አየሁት፣ በቃ። ስለ ፖምፓው አንድ ቃል አትናገርም። ከዚያ ስትወጣ እፈርምልሃለሁ።»

«ሌላ ነገር ብትጠይቀኝስ?»

«መርዶ ላይ አይጠየቅም።»

ሎምኒትስ እጁን ዘረጋ። ዘርይሁን ጨበጠው። ተነስቶ በር አጠገብ ካለው ስልክ ሳንቲም ከተተ።

«ባሻ፣ ሞቷል። ያየው ሰው አብሮኝ ነው።»

በዚያኛው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ነፍሱን ይማረው። ቦጋለች የሌሊት ሺፍት ናት፤ አሁን ገብታለች። ሳትተኛ እንድረስ። አዲስአለምን ኮል አደርጋታለሁ። በአራት ሰዓት ታች በሩ ላይ። ዘርይሁን?»

«አቤት።»

«በርታ። እሷ ካንተ የቀረበ ሰው የላትም።»

ሀይዌዩን ይዘው ወደ ምሥራቅ ሲነዱ ሐይቁ በቀኝ በኩል ነጭ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር። ሎምኒትስ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ድልድዮቹን እያየ፣ ጨው ብረታቸውን እንደሚበላው።

ባሻ ይመር በሕንፃው መግቢያ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ነጠላውን ከኮቱ ላይ አጣፍቶ ቆሟል። አዲስአለም ከጎኑ ነች፤ በአንድ እጇ ትልቅ ድስት በፎጣ ቋጥራ፣ በሌላው ጥቁር ልብስ በፌስታል ይዛለች። የቦጋለች የማኅበር እኅት ነች፤ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ትኖራለች። ጀርመናዊውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ቦርሳውን ምን ያደርግለታል? ኢንሹራንስ ሊሸጥ የመጣ ነው የሚመስለው» አለች። ባሻ በዓይኑ ዝም አሰኛት።

በአሳንሰሩ ወጡ።

ቦጋለች በሩን ከፈተች። ገና የሥራ ቱታዋን አላወለቀችም፤ ስሟ ደረቷ ላይ አለ። ዘርይሁንን አየች። ነጠላውን አየች። ፌስታሉን አየች። ከደጁ ዞር ብላ አስገባቻቸው።

«ተቀመጡ» አለች። አራቱም ተቀመጡ። እሷ ቆመች።

ባሻ ይመር ተነሳ።

«ቦጋለች፣ ልጄ፣ ለደግ አልመጣንም። ብዙ ጠበቅሽ፤ እግዚአብሔር ትዕግሥትሽን አይቶታል። ስለሺ አርፏል። ያረፈውም ያኔውኑ ነው።»

አዲስአለም ልታለቅስ አፏን ከፈተች። ቦጋለች እጇን አንስታ ከለከለቻት።

«ማን አየ?»

ሎምኒትስ ተነሳ። በመንገድ ላይ ሲያጠናው የቆየውን ተናገረ።

«እኔ አየሁ። ባልህ ሞተ። ሰማያዊ ቱታ። ማክሰኞ፣ ከፋሲካ በኋላ። እኔ በዓይኔ።»

ማንም አላረመውም። ቦጋለች ፈረንጁን ትክ ብላ አየችው።

«አወቅሁህ» አለች። «ጀርመኑ ነህ። የቀይ ደብተሩ። ስለሺ ስላንተ ያወራኝ ነበር።» ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «እንግዲህ እርሜን ከማውጣቴ በፊት የምናገረው አለ። ሳልናገር አላለቅስም።»

«ኋላ ይደርሳል፣ ልጄ» አለ ባሻ።

«ኋላ የለም፣ ባሻ። ስለሺን ያስገደልኩት እኔ ነኝ።»

አዲስአለም በመስቀል አማተበች።

«ታናሽ ወንድሜ ያኔ ወረቀት ይበትን ነበር። አንድ ሻንጣ ሙሉ አምጥቶ ደብቂልኝ አለኝ። ስለሺ ሳያውቅ አልጋችን ሥር አስገባሁት። በሳምንቱ ስለሺን ወሰዱት። ሻንጣውን ማታውኑ አቃጠልኩት። ቤት ሊፈትሹ አልመጡም፤ ግን በዚያ ነው፤ በሌላ በምን ይሆናል? ስለሺ እንደሁ ሰው አይነካም።» ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። «አንድ ሰው ቤታችንን ጠቁሞ ነው እያልኩ አሥራ ስድስት ዓመት። ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ። ቄሱ ሞቱን ማን አየ ሲሉኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ገድዬው ፍትሐት እለምናለሁ ወይ ብዬ። ሌላ ባል ያላገባሁት ለዚህ ነው። ሰዉ ታማኝ ናት ይላል።»

«ዝም በይ፣ በወንድማችን ሞት ላይ እንዲህ አይባልም» አለች አዲስአለም።

«ይባል። ይኸው ተባለ።»

ሎምኒትስ የተባለውን ሁሉ አልተከተለም። ፊቷንና የዘርይሁንን ፊት ግን አየ። ከዚያ ተቀምጦ ወለሉን አየ።

ዘርይሁን በዶናት ቤቱ ያሰበውን አሰበ። ነገሩ ተዘጋጅቶ ነበር። ምስክሩ መስክሯል። ባሻ አሁን «አይዞሽ፣ ጊዜው ነው» ይላታል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ወረቀቱ ታች መኪናው ውስጥ ይፈረማል። ቦጋለችም ይህን ይዛ ትሞታለች። እሱ ዝም ማለት ብቻ ነበረበት። ዝም ማለት ደግሞ ያውቅበታል።

«ሻንጣው አይደለም» አለ።

ድምፁ ጎርነን ብሎ ወጣ። ሁሉም ዞሩ።

«ጋሼ ዘርይሁን፣ ሊያጽናኑኝ ብለው—»

«ሻንጣውን ማንም አላወቀም። ፖምፓ ነው። የናፍጣ ፖምፓ። ያለ ደረሰኝ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ነገራት። አስከሬኑን፣ ሰላሌን፣ ጭቃውን ነገራት። ሰኞ ሲጠይቁት ምን እንዳለ ነገራት። ወረቀት ላይ እንደፈረመ ነገራት። ረቡዕ ፖምፓው ከመጣ በኋላ ሐሙስን፣ ስቅለትን፣ ቅዳሜን፣ ፋሲካን እንዴት ዝም ብሎ እንደዋለ ነገራት። ፋሲካ ዕለት ቤቷ መጥቶ ነበር፤ ዶሮ ይዞ። ይህንንም ነገራት።

«ስሜን አልጠራም» አለ በመጨረሻ። «ቢጠራኝ ይተርፍ ነበር።»

ባሻ ይመር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ነጠላው ከትከሻው ወረደ፤ አላነሳውም።

በቤቱ ማሞቂያ ውስጥ ውኃ ይንኳኳል። ቦጋለች ፈረንጁን አየች።

«ይሄስ? ምን ይጠብቃል?»

«ፊርማ» አለ ዘርይሁን።

«የምን ፊርማ?»

«በጻፈው ሪፖርት የተጎዳ ሰው የለም የሚል። አገሩ ሹመት አለው። ፖምፓው መመለሱን ስቅለት ዕለት አይቶ ነበር።»

ሎምኒትስ «ስቅለት» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ተነሳ። ቦርሳውን ሊከፍት እጁን መክፈቻው ላይ አደረገ፤ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። አልከፈተውም።

«ልንዳህ?» አለው ዘርይሁን፣ ሳይነሳ።

«አይደለም» አለ ሎምኒትስ። «እኔ መንገድ አገኛለሁ።»

ለቦጋለች አንገቱን ሰበረ። የሚለውን ቃል ፈለገ፤ በጋራዥ አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረውም። ኮቱን ሳይቆልፍ ወጣ። በጥቅምቱ ምርጫ ስሙ ከዕጩዎቹ ዝርዝር እንዳልነበረ ዘርይሁን የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በሩ ሲዘጋ ቦጋለች ተነሳች። ፌስታሉን ከአዲስአለም እጅ ወሰደች። መኝታ ቤት ገባች። ያኔ ነው ድምፁ የመጣው። አንድ ጊዜ፣ ረጅም፤ ከዚያ ደግሞ። አዲስአለም ተከትላት ሮጠች። ባሻ ይመር ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ዘርይሁን ኮፍያውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። እዚህ ቤት ከእንግዲህ ቦታ እንደሌለው አውቋል። እጀታውን እንደያዘ ድምፅ ከኋላው ጠራው።

«ወዴት ነህ?»

ቦጋለች በጥቁር ልብስ ቆማለች። ልብሱ የአዲስአለም ነው፤ ትከሻው ሰፍቷታል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፏ ግን ተመልሷል።

«ልሂድ፣ ቦጋለች። ለዓይንሽ—»

«ለቅሶው ሦስት ቀን ነው። ባሻ አሁን ለሰው ይደውላል። ኢቶቢኮ ያለው ይመጣል፣ ኤግሊንተን ያለው ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ እዚህ በር ላይ ምን ሆኖ ሞተ ብሎ ይጠይቃል። እኔ አልመልስም። አዲስአለምም አትመልስም።» በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አሳየችው። «እዚያ ተቀመጥ። ሦስቱንም ቀን። ለመጣው ሁሉ የምትነግረው አንተ ነህ። ምንም ሳትቀንስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም። መጀመሪያ ይህን ጨርስ።»

ዘርይሁን ባሻን አየ። ባሻ ስልኩን አንስቶ ቁጥር ይመታ ነበር፤ ቀና አላለም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን ከወንበሩ ሥር አደረገ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ከሦስተኛው ፎቅ አንዲት ሴት ነች፤ ለቅሶውን በደረጃው በኩል ሰምታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ የመጣች። ዘርይሁን አያውቃትም። የቦጋለችን ጥቁር ልብስ ስታይ ደረቷን ያዘች። ከዚያ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ሽማግሌ ዝቅ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ባለቤቷ ነው አሉ፤ ነፍስ ይማር። ምን ሆኖ ነው፣ አባቴ?»

ዘርይሁን ቦጋለችን አየ። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ትጠብቃለች።

«ቅዳሜ ዕለት ነው» አለ። «ከግምጃ ቤት አንድ ፖምፓ ወሰድኩ።»